ፊዚክስ መርጬ እንጀራ እበላለሁ ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ፤ ቤታችን አዘዞ ነው። ሰሞኑን የዲፓርትመንት ምርጫ እንሞላለን። እኔ ፊዚክስ መማር እፈልጋለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ሕዋ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት። ለአባየ ስነግረው ዝም አለ። ማታ ግን ለእማየ “ጤና ትገባልኛለች ብዬ ነበር የለፋሁት” ሲላት ሰማሁት። አባየ አናጺ ነው። አራት ልጆች ነን፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጅ በፊዚክስ ተመርቆ አሁን ባጃጅ ይነዳል። “እኔን አይተሽ ተማሪ” ይለኛል። ዶርም ውስጥ ደግሞ “ፊዚክስ ይደርስሻል እንጂ ይመረጣል እንዴ?” ብለው ይስቁብኛል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቴ ጥሩ ነው። ሒሳብ ኤ ማይነስ አመጣሁ። የሚያሳፍረኝ ፊዚክስ ራሱ ቢ ፕላስ መሆኑ ነው። ወርክሺት ስሠራ በጣም እዘገያለሁ። አንዴ ተዳፋት ላይ ስለሚንሸራተት ሳጥን የምትጠይቅ አንዲት ጥያቄ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስቀመጠችኝ። ስትወጣልኝ ጮኼ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው። እንዲህ እየዘገየሁ ይሆንልኛል? ጓደኛዬ “ጤናን አንደኛ፣ ፊዚክስን ሁለተኛ አድርገሽ ሙዪ፤ አባትሽም ደስ ይለዋል” ትለኛለች። እርስዎ ምን ይሉኛል?

የአዘዞዋ ልጅ»

ሰላም ላንቺ ይሁን የአዘዞዋ ልጅ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ፊዚክስ አገኘሁ። አንዱ ከልጅነትሽ ጀምሮ በቪዲዮ ያየሽው ነው። ሌላው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያስቀመጠሽ ነው። የመጀመሪያውን ፊዚክስ ለመማርሽ ምክንያት አድርገሽ ጻፍሽልኝ። ሁለተኛውን ደግሞ እንደ ድክመት። እኔ በተገላቢጦሽ ነው ያነበብኩት።

ለዓመታት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ስለ ብላክ ሆል ሲወራ ጆሮውን የማይሰጥ ተማሪ ብዙም አልገጠመኝም። ያንን ሁሉም ይወዳል። እሱ መውደድ ግን አራት ዓመት አያስኬድም። የሚያስኬደው ያ ተዳፋት ላይ ያለው ሳጥን ነው። ጥያቄው አልወጣ ሲልሽ ደብተርሽን ዘግተሽ አልተኛሽም። ከጓደኛሽ አልገለበጥሽም። ሲወጣልሽ ጮህሽ። ይሄንን ማንም መምህር ሊሰጥሽ አይችልም፤ ይዘሽው የመጣሽው ነው። የቀረውን ዲፓርትመንቱ ያስተምርሻል።

ስለዚህ ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገርሽ፦ ፊዚክስ ምረጪ። ግን ምን እንደምትገቢበት ዓይንሽን ገልጠሽ እይ፣ ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ፣ የእንጀራውንም ነገር ለምረቃ ማግስት አታሳድሪው። እነዚህን ሦስቱን ካላደረግሽ የአጎትሽ ልጅ ያለሽ ነገር አንቺም ላይ ሊደርስ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሪሲቲና ማግኔቲዝም፣ ሞገድና ብርሃን፣ ሞደርን ፊዚክስ ይጠብቁሻል። ከዚያ በኋላ ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ ሶሊድ ስቴት፣ ኑክሌር ፊዚክስ ይመጣሉ። ስለ ሕዋ የሚያወራው ኮርስ ከዚህ ሁሉ መሀል ጥቂቱ ነው። ቪዲዮ ላይ በአሥር ደቂቃ የሚያልቀው ነገር ክፍል ውስጥ የአንድ ሴሚስተር ሒሳብ አለው።

ደግሞም ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ነው። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን። እነዚህ ያልገቡት ልጅ ኤሌክትሮዳይናሚክስ ክፍል ገብቶ ሰሌዳውን ሲገለብጥ ይውላል። ምን እንደተጻፈ ግን አያውቅም። ተንኮሉ ደግሞ የሒሳቡ ጉድለት ወዲያው አይታይም። ሁለተኛ ዓመት ላይ በሽምደዳ ይታለፋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ይፈነዳል። አንቺ ሒሳብ ኤ ማይነስ አለሽ። ለእኔ ከፊዚክሱ ቢ ፕላስ ይልቅ ይሄ ይበልጥ ይናገራል። የፍሬሽማን ጄኔራል ፊዚክስ ከሜካኒክስ እስከ ኤሌክትሪክ ሁሉንም ነካ ነካ እያደረገ የሚሮጥ ኮርስ ነው። አንድ ነገር ላይ ቆሞ ማሰብ የሚወድ ልጅ እዚያ ላይ ኤ ቢያጣ አይገርመኝም። አትፈሪበት።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ቅዳሜ ቤት ስትሄጂ ከአባትሽ ሜትር ተዋሺ። አንድ ቀጭን ክር ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ እሰሪና በር መቃን ላይ አንጠልጥዪው። ከላይኛው ቋጠሮ እስከ ድንጋዩ መሀል ልክ አንድ ሜትር ይሁን። ድንጋዩን ትንሽ ብቻ ወደ ጎን ስበሽ ልቀቂው። አሥር ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። 20 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ተነስተሽ የምድርን ስበት አስይ። ጎንደር ላይ 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ መውጣት አለበት። ብዙ ከራቀብሽ የለካሽውን ርዝመት እንደገና እይው። እስከዚህ ያለው ሁለተኛ ደረጃ የተማርሽው ነው።

አሁን ድንጋዩን በደንብ ስበሽ፣ ክሩ ከቁሙ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ልቀቂው። እንደገና አሥር ቁጠሪ። ከ21 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ክሩ ያው ነው። ድንጋዩ ያው ነው። ምድርም ያቺው ናት። ታዲያ ለምን ዘገየ?

በቃል የያዝሽው ፎርሙላ ይሄንን አይመልስልሽም። ፎርሙላው ሲሠራ አንድ ነገር በዝምታ ታልፏል፦ ማዕዘኑ ትንሽ ነው ተብሎ፣ የማዕዘኑ ሳይን በራሱ በማዕዘኑ ተተክቷል። ማዕዘኑ ሲሰፋ ይሄ መተካት አይሠራም። እውነተኛው እኩልታ ያን ያህል የዋህ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ዲግሪው በአብዛኛው ይሄ ነው። በቀላል ፎርሙላ ያለፍሽውን ነገር ተመልሰሽ ትከፍቺዋለሽ። ውስጡ ምን እንደታለፈ ታያለሽ። ከዚያ ያለ እሱ ለመሥራት ትታገያለሽ።

ይሄንን ሠርተሽ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ካልሽ፣ ያለ ምንም ኀፍረት ሌላ ትምህርት ምረጪ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግም ስታቲስቲክስም ለሒሳብ ሰው ጥሩ ቦታ ናቸው። «ቆይ፣ ለምን?» ብለሽ ወረቀት ካነሳሽ ግን መልስሽን አግኝተሻል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ እገምታለሁ።

መዘግየትሽን በሚመለከት፣ ፊዚክስ ላይ የሚዘገይ ሁሉ ደካማ አይደለም። ለመለየት አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። ስትዘገዪ ምን እያደረግሽ ነው? ሥዕሉን እየሳልሽ፣ ኃይሎቹን እያስቀመጥሽ፣ ተሳስተሽ እንደገና እየጀመርሽ ከሆነ እየተማርሽ ነው። ወረቀቱን ትክ ብለሽ እያየሽ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ተነሽና ሰው ጠይቂ። ለሚድና ለፋይናል ሰሞን ብቻ የሚያነብ ሰው ሌላ ትምህርት ላይ ሊተርፍ ይችላል። ፊዚክስ ላይ አይተርፍም። በየሳምንቱ ፍቺ። ጥቂትም ቢሆን በየሳምንቱ።

ስለ ቤተ ሙከራ አልዋሽሽም። አገራችን ውስጥ የላብ ዕቃ እጥረት የታወቀ ነው። አንዱ መሣሪያ ተበላሽቶ ሌላው ክፍሉ ጠፍቶ፣ ለአሥር ሰው አንድ ዕቃ የሚደርስበት ቀን ይኖራል። ስለዚህ እጅሽን በራስሽ አሠልጥኚ። ስልክሽ ውስጥ ፍጥነት መጨመርንና መቀነስን የሚለካ መሣሪያ አለ። ፋይፎክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፤ ጀርመን አገር የአኽን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ነው። እሱን ብትጭኚ ስልክሽ ትንሽ ላብ ይሆናል። ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን አውርጂው።

ጎንደር ራሷም የምትለካ ነገር ሞልቷታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሽሮውም ባቄላውም ከቆላው ይልቅ እሳት ላይ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ደግሞ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ሌላው በቡሄ ሰሞን፣ ነሐሴ 13 ገደማ። ነሐሴ ላይ ደመናው ስለማያሳይሽ የሚያዝያውን ጠብቂ። ግቢሽ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሚ። ጥላው ከሥሩ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ጎንደር ያለችው 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ቀሪውን አንቺ አስይው። እንጨት፣ ጥላና ሰዓት ብቻ ይዘሽ ከተማሽ ምድር ላይ የት እንዳለች ማወቅ ትችያለሽ። እኔ ይሄ ነገር ዛሬም ያስደስተኛል።

በወረቀትና በእርሳስ ብቻም ሩቅ ይኬዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። ከዚያ ወጥተው ተማሪ ሲያፈሩ ኖሩ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ስለ እሳቸው የማነሳው እዚሁ አገር እያስተማረ ትልቅ ፊዚክስ የሠራ ሰው እንዳለ እንድታውቂ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። አባትሽ የጠየቀው ይሄንን ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በአንደኛ ዲግሪ ብቻ የፊዚክስ የሥራ በር ጠባብ ነው። ማስታወቂያ ላይ «በፊዚክስ የተመረቀ» የሚል እንደ አካውንቲንግ አታገኚም። ዋናው በር መምህርነት ነው፤ ለዚያም ተጨማሪ የመምህርነት ሥልጠና መውሰድ አለብሽ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ምደባው ሩቅ ገጠር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም። ነገር ግን መምህርነትን እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። አንቺ ራስሽ ያንን የተዳፋት ጥያቄ ለመፍታት የበቃሽው አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ስላስተማረሽ ነው። ፊዚክስን ወዶ የሚያስተምር ሰው የጠፋበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ «ፊዚክስ ከባድ ነው» ብሎ እንደሚቀር አይቻለሁ። ያማል።

ከመምህርነት ውጭ በሮች አሉ። ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሠራው በፊዚክስ ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። እንጦጦ ላይ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትወነጨፍ አንቺ ተማሪ ነበርሽ፤ ታስታውሻለሽ። የጨረር ቁጥጥር ሥራም አለ፤ ራጅ ማሽን ያለበት ቦታ ሁሉ የሚለካ ባለሙያ ይፈልጋል። እነዚህ ቦታዎች ብዙ ሰው አይቀጥሩም። ሁሉንም ሰው ስለማይቀጥሩ ደግሞ ዝም ብሎ ዲግሪ የያዘ አይገባባቸውም።

ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ፕሮግራሚንግ ተማሪ። ፓይተን ይበቃሻል። ነጻ ነው። ኮምፒውተር ባይኖርሽ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል አለ። ለመጀመር ያንን የክር ጥያቄ ውሰጂው። 60 ዲግሪው ላይ በእርሳስ ያልተፈታልሽን እኩልታ ኮምፒውተር በትንሽ በትንሹ እየቆረጠ ይፈታልሻል። ይሄንን የሠራ ሰው ዳታ የሚያገላብጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ባንክም ይሁን ሌላ፣ ሥራ ለመልመድ አይቸገርም። ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ አንድ ላይ ሲሆኑ ወረቀትሽ ይከብዳል። ፊዚክሱ ብቻውን ሲሆን ቀጣሪው ምን እንደምትችዪ አያውቅም። አንቺ ነሽ የምታሳዪው።

ሌላው በር ትምህርትን መቀጠል ነው። ፊዚክስ ከሌሎች ትምህርቶች ይልቅ በዚህ ዕድለኛ ነው። ጣልያን አገር ትሪየስቴ ከተማ ውስጥ ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም ናቸው። እሳቸው በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የታዳጊ አገር ልጅ ዕውቀት ፍለጋ ወጥቶ እንዳይቀር ብለው ነው የደከሙበት። እዚያ ከአንደኛ ዲግሪ በኋላ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም አለ። የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ጉዞና መኖሪያም ይሸፍናሉ። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩትም በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ማዕከል አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው የተጀመረው። የፊዚክስ ተማሪ ሙሉ ወጪው ተሸፍኖለት ማስተርስ ይማርበታል። ሁለቱም ቦታ ውድድሩ ከባድ ነው። የሚያዩት ውጤትሽን፣ የሒሳብ ጉልበትሽንና የመምህሮችሽን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ቢያንስ ሁለት መምህር በስም ሊያውቁሽ ይገባል። ከክፍል በኋላ ጠይቂያቸው። ቢሮ ሂጂ። አትፈሪ።

አንድ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን አይወስድም። በየሳምንቱ ጥያቄ የሚፈታ ሰው ብዙ አይጨነቅበትም። በየዓመቱ ያለፍሽውን ኮርስ ደብተር ግን አትጣዪ።

የአጎትሽን ልጅ አትናቂው። ባጃጅ ነድቶ ራሱን የሚያስተዳድር ሰው ነው። የነገረሽም እውነት ነው። ግን አንድ ቀን ሻይ ጋብዢውና ዝርዝሩን ጠይቂው። ፊዚክስን መርጦ ነው የገባው ወይስ ደርሶት? ከኮርሶቹ ሌላ ምን ይዞ ወጣ? የት የት አመለከተ? ማን ምን አለው? የእሱ መንገድ የት ላይ እንደተዘጋ ካወቅሽ ያንቺ እዚያው ላይ እንዳይዘጋ ትጠነቀቂያለሽ። ሐንድአውቶቹንና የድሮ ፈተናዎቹን ካልጣላቸውም ለምኚው። ደስ ብሎት ይሰጥሻል ብዬ አምናለሁ።

ዶርም ውስጥ የሚስቁት ልጆች የሚሉት ግማሹ ልክ ነው። ብዙ ሰው ፊዚክስ የሚገባው ደርሶት ነው። ይሄ ከኳንተም ሜካኒክስ ይልቅ ሊከብድሽ ይችላል። ክፍል ውስጥ ግማሹ ያዘነ ሰው ሲሆን፣ «ምን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ቀስ እያለ ይጋባል። ፈጥነሽ ሁለት ሦስት ወድደው የሚማሩ ልጆች ፈልጊ። አብራችሁ አጥኑ። እየተፈራረቃችሁ ሰሌዳ ላይ አስረዱ። ሴቶች ጥቂት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ላብ ውስጥ ወንዶቹ መሣሪያውን ሲይዙ አንቺ ቁጥር ጸሐፊ ሆነሽ እንዳትቀሪ። እጅሽን አስገቢ። የክፍሉ ማነስ ደግሞ ጥቅምም አለው። መምህሩ ይለይሻል።

አሁን አባትሽ። ዝም አለ አልሽኝ። እኔ ያንን ዝምታ እንደ ክልከላ አላየሁትም። የፈራ ሰው ዝምታ ነው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ፍርሃቱ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጤና ኮሌጅ ነበር። በዚህ ከተማ ለአባቶቻችን ተምሮ ሰው መሆን ማለት ነጭ ጋወን መልበስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው ልጁ ጋወን ለብሳ ቢያያት ምን ያህል እንደሚደሰት አስቢ። ምኞቱን አክብሪለት።

«ፊዚክስ እወዳለሁ» ብትይው ግን ፍርሃቱን አልመለስሽለትም። እሱ የሚያስበው ስለ አንቺ እንጀራና ስለ ሦስቱ ታናናሾችሽ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ እናትሽም ባሉበት አንሺው። ከሥራ ደክሞ የገባበት ማታ አይሁን። ስለ ሕዋ አታውሪለት። ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ፣ የትኞቹን ሥራዎች እንደምትሞክሪ፣ ትምህርት ባትቀጥዪ በምን እንደምትኖሪ ንገሪው። «መምህር ብሆንም አላፍርም፤ ታናናሾቼንም አልረሳም» በዪው። ይሄንን ከአፍሽ መስማት ይፈልጋል። ያንን የክር ሙከራም እሱ ባለበት ሥሪው። ሜትር ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ይገባዋል።

ሌላም የምትነግሪው ነገር አለ። ሐኪም ቤት ውስጥ ያለው ብዙ መሣሪያ የፊዚክስ ልጅ ነው። ራጅን በ1895 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሮንትገን የፊዚክስ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል በ1901 እ.ኤ.አ. የወሰደውም እሱ ነው። የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚሠራው ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በማግኔት እየነካካ ነው። ለካንሰር በሽተኛ የጨረር ሕክምና ሲሰጥ ሐኪሙ የት መመታት እንዳለበትና መጠኑን ይወስናል። ጨረሩ ጤነኛውን አካል ሳይጎዳ እዚያ እንዴት እንደሚደርስ የሚያሰላውና ማሽኑን የሚፈትሸው ሜዲካል ፊዚሲስት ነው። አገራችን ውስጥ የጨረር ሕክምናው ገና እየሰፋ ያለ ነገር ነው፤ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። መነሻው ግን ይሄው የፊዚክስ ዲግሪ ነው። ለአባትሽ ማታለያ አድርገሽ አታቅርቢው። በእውነት ልብሽ ከገባ ብቻ ንገሪው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሐሳብሽን ብትቀይሪም ችግር የለውም፤ አሁን ቃል አትግቢ።

ቤት ውስጥ ያልነገርሽኝ የከፋ ችግር ካለ፣ ለምሳሌ አባትሽ ታመው ሥራ ካቆሙና ቤቱ ያንቺን ደመወዝ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ምክሬ ይለወጣል። ያኔ ቶሎ ሥራ የሚያስገኘውን ማየት ግዴታ ነው። ፊዚክስንም በኋላ በማታ ትምህርት ማሰብ ይቻላል። ጤናም ቢሆን ዛሬ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች እንዳሉበት አትርሺ። ዱሮ እንደነበረው ዋስትና የለውም።

የጓደኛሽ ሐሳብ ላይ ልጨርስ። ጤናን አንደኛ ብለሽ ልትሞዪ፣ ፊዚክስን ሁለተኛ። አታድርጊው። ምደባው በውጤት ነው፣ ያንቺ ውጤት ደግሞ ጥሩ ነው። አንደኛ ብለሽ የሞላሽው ሊደርስሽ ይችላል። ፊዚክስን ሁለተኛ ላይ ብታስቀምጪው ተራው ሳይደርስ ጤና ትገቢያለሽ። ከዚያ አባትሽ ይደሰታል፣ አንቺ ግን የማትፈልጊው ክፍል ውስጥ ነሽ። እሱም አንቺ ፈልገሽ የገባሽ ይመስለዋል። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ፊዚክስ ዲፓርትመንት ሂጂ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና የኮርሶቹን ዝርዝር ለምኚ። የትኛው ላብ እንደሚሠራ፣ የትኛው መምህር ቢሮው ክፍት እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ እሑድ አባትሽን አነጋግሪ፤ ሰኞ ቅጹን ሙዪ፤ ፊዚክስን አንደኛ አድርጊው።